አንድ ፍራሽ ለመግዛት ስድስት ወር፦ የአንድ ቤተሰብ የጉዳይ ጥናት

መነሻ

ይህ ጽሑፍ በአዲስ አበባ በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ጡረተኛ ባልና ሚስት፣ ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ መጋቢት መጨረሻ ድረስ የሚመቻቸው ፍራሽ ፍለጋ የሄዱበትን መንገድ ይመዘግባል። እኔ የፎቅ ጎረቤታቸው ስሆን ሙያዬ የፊዚክስ መምህርነት ነው። ከሁለተኛው ሙከራ ጀምሮ ያለውን በዓይኔ ያየሁት ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የሆነውን የጻፍኩት ሁለቱ ከነገሩኝና ካሳዩኝ ደረሰኝ ተነሥቼ ነው። ጉዳያቸውን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል። ስማቸውን ላለመጥራት በሰፈራችን እንደለመድነው እትዬ እና ጋሼ እላቸዋለሁ፤ የሱቆቹንም ስም አላነሣም።

ጉዳዩን መመዝገብ የፈለግሁበት ምክንያት ቀላል ነው። ጤፍ የሚገዛ ሰው በየወሩ ስለሚገዛ፣ አንዴ ቢታለል በሚቀጥለው ወር እህሉን በእጁ ዘግኖ፣ አሽቶና አሽትቶ መምረጥ ይማራል። ፍራሽ ግን ብዙ ቤተሰብ በአሥር ዓመት አንዴ የሚገዛው ነገር በመሆኑ፣ አንዱ በገንዘቡና በወገቡ ከፍሎ የተማረው ነገር ለራሱ እንኳ ተመልሶ የሚጠቅመው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ስለዚህ የአንዱ ቤት ትምህርት ለሌላው ቤት በጽሑፍ ቢተላለፍ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ባለጉዳዮቹና አልጋቸው

እትዬ የ61 ዓመት ሴት ናቸው፤ ክብደታቸው 60 ኪሎ ሲሆን የሚተኙት በጎናቸው ነው። ጋሼ 68 ዓመታቸው ነው፤ 92 ኪሎ ይመዝናሉ፤ የሚተኙትም በጀርባቸው ነው። ይህን የሁለት ሰው ልዩነት እዚህ ላይ የማነሣው፣ በኋላ የመጣው ችግር ሁሉ በአንድ በኩል ከዚህ የሚመነጭ ስለሆነ ነው።

አልጋቸው ወደ ጋራ መኖሪያ ቤቱ ሲገቡ በአንድ እንጨት ቤት ያሠሩት፣ ስፋቱ 1 ሜትር ከ50፣ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ90 የሆነ ነው። በላዩ የነበረው የስፖንጅ ፍራሽ 11 ዓመት አገልግሏል። ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ጠርዝ ሲባጎ ወጥረን መሐል ላይ በማስመሪያ ስንለካው፣ ማንም ሳይተኛበት ስርጉዱ 6 ሳንቲ ሜትር ሆኖ አገኘነው። እትዬ ለዓመታት ስርጉዱ ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ እያነጠፉ፣ ፍራሹን በየጊዜው ራስጌውን ወደ ግርጌ እያዞሩ ቆይተዋል።

እትዬን ወደ ገበያ ያስወጣቸው ጠዋት ጠዋት የሚይዛቸው የወገብ ሕመም ነው። ሕመሙ ሲነሡ ይከብድና ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው ስኒ ሲደርስ ይለቅቃቸዋል። ሐኪም ቤት ሄደው ተመርምረዋል፤ ሐኪሙ የነርቭ መጎዳት ምልክት አለማየቱን ነግሯቸው፣ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉና አልጋቸውንም እንዲያዩት መክሯቸዋል። በአሜሪካ የምትኖር ልጃቸው ይህን ስትሰማ ገንዘብ ላከች። ልጅቷ ባለችበት አገር በርካታ የፍራሽ ሻጮች 100 ሌሊት ተኝቶ ሞክሮ ካልተመቸ የመመለስ ዕድል ስለሚሰጡ፣ «እማዬ፣ ካልተስማማሽ መልሺው» ብላ በስልክ ያለቻቸው ቃል በቤቱ እንደ መመሪያ ተያዘ። እዚህ ያለው ገበያ እንደዚያ አለመሆኑን ያወቁት ከገዙ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ግዢ

ሁለቱ በጥቅምት ወር ከሰፈራቸው ብዙም ወደማይርቅ የፍራሽና የቤት ዕቃ መሸጫ ሄዱ። ሻጩ የጠየቃቸው ጥያቄ ስፋቱን ብቻ ነበር። እትዬ ስለ ወገባቸው ሲነግሩት፣ ውፍረቱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ከባድ ፍራሽ አሳይቶ፣ «ማዘር፣ ይሄ ሜዲካል ነው፤ ለወገብ ዶክተሮች ራሳቸው የሚያዙት ነው» አላቸው። ፍራሹ በወፍራም ፕላስቲክ እንደተጠቀለለ ነበር። ፕላስቲኩ ከተቀደደ ሌላ ደንበኛ አይገዛውም ስለተባሉ፣ እትዬ በእጃቸው ጫን ጫን አድርገው፣ ጫማቸውን ሳያወልቁ ጫፉ ላይ ቁጭ ብለው ተነሡ። ጋሼ ቆመው ነበር። ከሁለት ደቂቃ ላልበለጠ ፍተሻ የሁለቱን የሁለት ወር ጡረታ የሚጠጋ ገንዘብ ከፈሉ። የተሰጣቸው ደረሰኝ «ፍራሽ 1» ከሚል ቃልና ከዋጋው በቀር ምንም የለበትም።

ይህን ፍራሽ በኋላ መዝነነዋል፤ 34 ኪሎ ነው። ሽፋኑን በዚፑ ከፍተን ስናየው፣ ውስጡ አንድ ወጥ ስፖንጅ ሳይሆን ቀለማቸው የተለያየ የስፖንጅ ቁርጥራጮች በማጣበቂያ ተጠቅጥቀው የተሠራ ነበር። እንዲህ ያለው ስፖንጅ በጣም ጠንካራና ቶሎ የማይሰረጉድ ነው። ጋሼ ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ ወደዱት። እትዬ ግን በአራተኛው ቀን ትከሻቸውንና ዳሌያቸውን ያማቸው ጀመር፤ በጎን የሚተኛ ሰው ትከሻውና ዳሌው ጥቂት ገባ ካላለለት ወገቡ ያለ ድጋፍ ተንጠልጥሎ ያድራል። «አካልሽ እስኪለምደው ነው» ተብለው ሳምንት ታገሡ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ወደ ሱቁ ተመለሱ። ሻጩ ፕላስቲኩ መቀደዱን፣ ፍራሹም የተተኛበት መሆኑን ጠቅሶ አልቀበልም አለ። ይህን የሻጩን መልስ ብዙ ሰው እንደ ግፍ ብቻ ስለሚያየው፣ ሕጉ የሚለውን ማንሣት ተገቢ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ የገዛው ዕቃ ጉድለት ያለበት ሆኖ ያገኘ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። እትዬ በቀኑ ገደብ ውስጥ ነበሩ። ነገር ግን ፍራሹ አልተቀደደም፣ አልሰረጎደም፣ እንደተሠራው ነው፤ ለእርሳቸው አለመስማማቱ ብቻውን ጉድለት ነው ለማለት አስቸጋሪ ነው። አዋጁ ሸማችን የሚያሳስት መረጃ መስጠትንም ይከለክላል፤ «ለወገብ» የተባለውን ግን በጽሑፍ የያዘ ወረቀት አልነበራቸውም። ደረሰኙ ላይ አንድ መስመር ተጽፎ ቢሆን ክርክሩ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። ጋሼ ለቅሬታ ወደ ንግድ ቢሮ እንሂድ ሲሉ፣ እትዬ ሻጩን ማካሰስ አልፈለጉም፤ ነገሩ በዚያው ቀረ።

ጠንካራ ፍራሽ ለወገብ ጥሩ ነው የሚለው እምነት

እትዬን ለዚህ ግዢ ያበቃቸው የሻጩ ቃል ብቻ አይደለም። ወገቡን የሚያመው ሰው መደብ ላይ ወይም ጣውላ ላይ ቢተኛ ይሻለዋል የሚለውን ምክር ከልጅነታቸው ጀምሮ ሰምተውታል፤ እኔም ሰምቼዋለሁ። በዚህ ጉዳይ ላይ በስፔን የተደረገና በ2003 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት አለ። የቆየ የወገብ ሕመም ያለባቸው 313 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ ገሚሶቹ በጠንካራ ፍራሽ፣ ገሚሶቹ ደግሞ በመካከለኛ ጥንካሬ ባለው ፍራሽ ላይ ለ90 ቀናት ተኙ። በመጨረሻ የተሻለ ለውጥ የታየው በመካከለኛው ፍራሽ ላይ በተኙት ነው። ጥናቱ ለእያንዳንዱ ሰው የሚሆነውን አይወስንም፤ ይሁንና «በጠነከረ ቁጥር ይሻላል» የሚለውን ምክር ሳይመረምሩ መቀበል እንደማይገባ ለማሳየት ይበቃል። ለእትዬ ስነግራቸው የመለሱልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ይህን ያኔ ብሰማ ኖሮ ሲጫን ገና አስቁመው ነበር።»

ሁለተኛው ሙከራ፦ በላዩ ስስ ስፖንጅ መደረብ

ሌላ ፍራሽ ለመግዛት ገንዘብ አልነበረም። በኅዳር ወር ከእትዬ ጋር መርካቶ ፍራሽ ተራ ሄደን፣ በልክ ተቆርጦ የሚሸጥ ባለ 5 ሳንቲ ሜትር ለስላሳ ስፖንጅ ገዛንና በጠንካራው ፍራሽ ላይ ደረብነው። ይህ አካሄድ በራሱ ትክክል ነበር ብዬ አሁንም አምናለሁ፤ ጠንካራ መሠረት ላይ ለስላሳ ንጣፍ መደረብ በጀርባ የሚተኛውንም በጎን የሚተኛውንም ሊያስማማ ይችላል። በእርግጥም እትዬ ለአምስት ሳምንት ያህል ደህና ተኙ። በአሥረኛው ሳምንት ግን ዳሌያቸው የሚያርፍበት ቦታ ከ5 ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ወረደና ሕመሙ ተመለሰ።

በዚህ ጊዜ ነው ነገሩን በመለኪያ ማየት የጀመርነው። ሻጮች ሁሉ «ዴንሲቲ» የሚሉት ቃል አላቸው፤ «ባለ 25 ነው፣ ባለ 30 ነው» ይላሉ። ቁጥሩ የሚናገረው የስፖንጁ አንድ ሜትር ኩብ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ለማረጋገጥ ሚዛንና ሜትር ብቻ ይበቃሉ። ስፖንጁን ጠቅልለን፣ በሲባጎ አስረን፣ ከሕንፃችን ጀርባ ወዳለው ወፍጮ ቤት ወሰድነው። የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ ሁለት ሴቶች ያመጡትን ጤፍ መዝኖ ሲጨርስ፣ እጁ ላይ ያለውን ዱቄት በሽርጡ አብሶ ጥቅሉን ዲጂታል ሚዛኑ ላይ አቆመልን። 2 ኪሎ ከ300 ግራም ሆነ። የስፖንጁ ይዘት 1.50 በ1.90 በ0.05፣ ማለትም 0.1425 ሜትር ኩብ ነው። 2.3 ለ0.1425 ሲካፈል 16 ይመጣል። ስንገዛ ባለ 25 ነው ተብለን ነበር።

እትዬ ቁጥሩን ሲሰሙ ስፖንጁን ሳይሆን ሚዛኑን ነበር የሚያዩት። «ለካ ይመዘናል» አሉ። ይህ ቃል የጉዳዩን አቅጣጫ ለወጠው።

ሁለት ነገር ግን መለየት ያስፈልጋል። ዴንሲቲ የሚነግረን በአብዛኛው ስፖንጁ ምን ያህል ዘመን ቅርጹን ይዞ እንደሚቆይ እንጂ፣ ምን ያህል እንደሚጠነክር አይደለም። ጥንካሬ ሌላ መለኪያ አለው፤ በቤተ ሙከራ ስፖንጁን ከውፍረቱ 40 በመቶ ያህል ለመጫን የሚያስፈልገው ኃይል በኒውተን ይለካል። ዴንሲቲው ከፍ ያለ ሆኖ ለስላሳ የሆነ ስፖንጅ ይኖራል፤ ዴንሲቲው ዝቅ ያለ ሆኖ ሲገዙት ጠንካራ የሚመስል፣ በጥቂት ወራት ግን የሚሰረጉድ ስፖንጅም ይኖራል። የመጀመሪያው ፍራሽ በዚሁ ስሌት ወደ 80 ይጠጋ ነበር፤ እትዬን ግን እንቅልፍ ነሥቷቸዋል። ክብደትም ቢሆን ብቻውን ፍጹም ማስረጃ አይደለም፤ ዋጋ ለመቀነስ ስፖንጁ ውስጥ የማዕድን ዱቄት የሚጨምሩ አምራቾች ስላሉ፣ ከባዱ ሁሉ ጥሩ ነው ማለት አይቻልም።

ሦስተኛው ሙከራ፦ ለክቶና መዝኖ መግዛት

በየካቲት ወር፣ ልጃቸው የጨመረችውን ገንዘብ ይዘን በሁለት ቅዳሜዎች ስድስት ሱቆች ዞርን። የያዝናቸው ነገሮች ሜትር፣ ሲባጎ፣ የጉዞ ሻንጣ የሚመዘንበት ተንጠልጣይ ሚዛንና አንድ ንጹሕ አንሶላ ናቸው። ጋሼም በዚህ ጊዜ ከእትዬ ጋር ፍራሹ ላይ እንዲተኙ እንጂ ቆመው እንዳይጠብቁ አስቀድመን ተስማማን።

በሦስቱ ሱቆች መመዘን አልተፈቀደልንም። አንዱ ሻጭ «ፍራሽ በኪሎ አይሸጥም» አለን፤ ሌላው ጥያቄያችንን እንደ ስድብ ቆጠረው። ሻጮቹ ሁሉ ሆን ብለው ያታልላሉ ማለቴ አይደለም። ከሁለት ሻጮች ጋር ረጅም ጊዜ አውርተን የተረዳሁት፣ እነርሱም ቁጥሩን ከአከፋፋዩ እንደሰሙት እንደሚደግሙ፣ ለክተውትም እንደማያውቁ ነው። «ሜዲካል» እና «ኦርቶፔዲክ» የሚሉት ቃላትም እንዲሁ ናቸው፤ ምን ዓይነት ስፖንጅ ሲሆን እንዲህ ይባላል ብለን ስንጠይቅ ሁለት ሱቆች የሰጡን መልስ የተለያየ ነው። በአንዱ ጠንካራ ማለት ነው፣ በሌላው ደግሞ ሽፋኑ ወፍራም ጥልፍ ያለው ማለት ነው።

በአራተኛው ሱቅ የተፈቀደልን ምዘና በጣም አስተማሪ ነበር። ባለ 30 ዴንሲቲ፣ ባለ 20 ሳንቲ ሜትር የተባለው ፍራሽ በሜትር ሲለካ 17 ሳንቲ ሜትር ተኩል ሆነ። ከነሽፋኑ 12 ኪሎ ከ400 ግራም መዘነ። ለሽፋኑ 1 ኪሎ ተኩል ያህል ብንቀንስለት፣ ስፖንጁ በሜትር ኩብ ወደ 22 ኪሎ ይጠጋል። ሻጩ ወጣት ልጅ ነው፤ ስሌቱን በስልኩ ራሱ ደገመውና ዝም አለ። ከዚያ የማይረሳኝን ነገር አደረገ፤ አንድ ሌላ ፍራሽ ከላይ አውርዶ ያንንም እንድንመዝንለት ጠየቀን።

የገዛነው ከስድስተኛው ሱቅ ነው። ውፍረቱ ሲለካ 20 ሳንቲ ሜትር ሞላ። አጥፈን በሲባጎ አስረን፣ ሻጩና እኔ ግራና ቀኝ ይዘን ሚዛኑ ላይ ስናንጠለጥለው 19 ኪሎ ከ400 ግራም አነበብን። ሽፋኑ በዚፕ የሚወልቅ ስለነበር ለብቻው መዘነው፤ 1 ኪሎ ከ600 ግራም። የቀረው 17.8 ኪሎ ለ0.57 ሜትር ኩብ ሲካፈል 31 ይሆናል። በእጅ ጫን ተደርጎ ሲለቀቅም ወዲያው ወደ ቅርጹ ተመለሰ።

ከዚያ መተኛት መጣ። አንሶላችንን አንጥፈን፣ ሁለቱ ጫማቸውን አውልቀው በየለመዱት ጎን ለሩብ ሰዓት ተኙ። መጀመሪያ እትዬ አፍረው ነበር፤ ሱቅ ውስጥ ሰው እያየ ከባል ጋር መተኛት ለዕድሜያቸው ይከብዳል። ሻጩ ይህን አስተውሎ አንድ ቁም ሣጥን ገፍቶ ከለለላቸው። የእትዬ ቀሚስ ከአንገት እስከ ወገብ የሚወርድ ዚፕ ነበረው። በጎናቸው ሲተኙ ከኋላ ሆኜ ዚፑን አየሁት። በዚያው ሱቅ ባለው ጠንካራ ፍራሽ ላይ ዚፑ ወገባቸው ላይ ሲደርስ ወደ ታች ይጎብጣል፤ በዚህኛው ላይ ግን ከአንገት እስከ ወገብ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ጋሼ በጀርባቸው ተኝተው እጄን ከወገባቸው ሥር ሳስገባ፣ እጄ ጥቂት እየተጨናነቀ አለፈ። እጅ እንደልብ ካለፈ ፍራሹ ጠንክሯል፣ ጭራሽ አላልፍ ካለ ደግሞ ለስልሷል ማለት ነው። ጋሼ «ትንሽ ይለሰልሳል፣ ግን እችለዋለሁ» አሉ።

ከመክፈላችን በፊት ደረሰኙ ላይ ልኩ፣ ውፍረቱ፣ ዴንሲቲውና የዋስትናው ዘመን እንዲጻፍ ጠየቅን። ሻጩ የአንድ ዓመት ዋስትና ጻፈ። በዓመት ውስጥ ከ3 ሳንቲ ሜትር በላይ ከሰረጎደ ይለወጣል የሚለውን እንዲጨምር ስንጠይቀው ግን አልፈቀደም። «ዋስትና» ተብሎ በደፈናው መጻፉ የሚሸፍነውን ስለማይገልጽ፣ ይህን ክፍል እንደ ግማሽ ስኬት ነው የምቆጥረው።

ያላየነው አልጋ

አዲሱ ፍራሽ ሁለት ቀን በረንዳ ጥላ ላይ ተነፍሶ የፋብሪካ ሽታው ከቀነሰ በኋላ አልጋው ላይ ገባ። በሁለተኛው ሳምንት እትዬ አንድ ቅሬታ አመጡ፤ ፍራሹ እንደተመቻቸው፣ ሌሊት ግን ሁለቱም ወደ መሐል እንደሚንሸራተቱ ነገሩኝ። ፍራሹን አንሥቼ ከታች ሳይ ችግሩ ገና በመጀመሪያው እይታ ታወቀ።

የአልጋው ርብራብ ሰባት ጣውላ ብቻ ነው። የእያንዳንዱ ስፋት 9 ሳንቲ ሜትር ሲሆን በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከ20 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። ከመሐል ያለው ጣውላ ከሥሩ በኩል ተሰንጥቋል። ስፋቱ 1 ሜትር ከ50 ሆኖ ሳለ መሐሉን ከሥር የሚደግፍ እግር የለም። ለካ አሮጌው ፍራሽ 6 ሳንቲ ሜትር የሰረጎደው በዕድሜው ብቻ አልነበረም፤ ከሥሩ ያለው እንጨትም አብሮ ይወርድ ነበር። ሐኪሙ በጥቅምት «አልጋዎትንም እዩት» ሲላቸው፣ ሁላችንም ፍራሹን እንጂ አልጋውን አላሰብንም። ፊዚክስ የማስተምር ሰው ሆኜ፣ ሸክም ስላረፈበት ነገር ሳልጠይቅ ሦስት ወር ስለ ስፖንጅ ማስላቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አንድ አናጺ ተጠርቶ በግማሽ ቀን ስድስት ጣውላ ጨመረ፣ የተሰነጠቀውን ለወጠ፣ መሐል ላይም ከራስጌ እስከ ግርጌ የሚሄድ ድጋፍ ከሁለት እግር ጋር አቆመ። ክፍተቱ ወደ 6 ሳንቲ ሜትር ወረደ። ለእንጨቱና ለእጅ ዋጋው የተከፈለው ገንዘብ ከመጀመሪያው ፍራሽ ዋጋ አንድ አሥረኛውን እንኳ አይሞላም። መንሸራተቱ በዚያው ሌሊት ቆመ።

ውጤቱ

እትዬ ከኅዳር ጀምሮ ጠዋት ሲነሡ የሚሰማቸውን ሕመም ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥር ሰጥተው ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ይጽፉ ነበር። በጥር መጨረሻ፣ ስሱ ስፖንጅ ከተሰረጎደ በኋላ፣ አብዛኛው ቀን 6 እና 7 ነው። አልጋው ከተጠገነ በኋላ ባሉት ሳምንታት ወደ 3፣ በሰኔ ደግሞ ወደ 2 ወረደ። ይህን ሁሉ ለፍራሹ መስጠት ትክክል አይሆንም፤ እትዬ ከየካቲት ወዲህ በየጠዋቱ ግማሽ ሰዓት በእግር ይሄዳሉ፣ ሐኪሙ ያሳያቸውንም እንቅስቃሴ ይሠራሉ። ፍራሹ፣ አልጋውና እንቅስቃሴው በየፊናቸው ስንት ስንት እንዳዋጡ ከአንድ ሰው ጉዳይ መለየት አይቻልም። በእርግጠኝነት የምናገረው፣ የትከሻና የዳሌ ሕመማቸው ከጠንካራው ፍራሽ ጋር መምጣቱንና ከእርሱ ጋር መሄዱን ነው።

ለሌላ ገዢ የሚተርፉ ነገሮች

ከሁሉ አስቀድሞ ፍራሹን አንሥቶ አልጋውን ማየት ያስፈልጋል። የርብራቡን ክፍተት መለካት፣ እያንዳንዱን ጣውላ በእጅ መጫን፣ ለሁለት ሰው አልጋ የመሐል እግር መኖሩን ማረጋገጥ አሥር ደቂቃ አይወስድም፤ ምናልባትም አዲስ ፍራሽ መግዛትን ራሱን ያስቀር ይሆናል። ከውስጥ ያለውን የአልጋ ልክ ጽፎ መያዝም ግድ ነው፤ በእንጨት ቤት የሚሠሩ አልጋዎች «1 ሜትር ከ50» ተብለው ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ሊጎድሉ ወይም ሊተርፉ ይችላሉ።

ሁለተኛው፣ ሻጩ የሚናገረውን ቃል ወደሚለካ ነገር መመለስ ነው። ለ1.50 በ1.90 ፍራሽ፣ በእያንዳንዱ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት የስፖንጁ ይዘት 0.285 ሜትር ኩብ ነው። ስለዚህ እውነተኛ ባለ 30 ከሆነ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ 8 ኪሎ ተኩል ያህል፣ ባለ 20 ሳንቲ ሜትሩ ደግሞ ከሽፋኑ ሌላ 17 ኪሎ ገደማ መመዘን ይኖርበታል። ይህን አንድ ቁጥር በወረቀት ይዞ መሄድ ብቻውን ንግግሩን ይለውጠዋል፤ መመዘን የማይፈቅድ ሻጭም ቢሆን፣ ቁጥሩን ደረሰኙ ላይ ይጻፍልኝ ሲባል የሚሰጠው መልስ ብዙ ይናገራል።

ምቾትን ግን ሚዛን አይነግረንም። በዚህ በኩል ከመተኛት ሌላ መንገድ አላገኘንም፤ በአልጋው የሚተኙት ሁሉ፣ በሚተኙበት ጎን፣ ቢያንስ ለሩብ ሰዓት። አፍሮ መተው የሚያስከትለው ጉዳት በዚህ ቤት በግልጽ ታይቷል። ሁለት ሰዎች በክብደትም በአተኛኘትም በጣም ሲለያዩ፣ አንዱን ብቻ የሚያስደስት ፍራሽ ከመግዛት ጠንከር ባለው ላይ ለስለስ ያለ ንጣፍ መደረብ ይሻል ይሆናል፤ ያን ጊዜ ግን የሚደረበውም ስፖንጅ መመዘን አለበት።

ስለ አያያዝ አንድ ነገር ልጨምር። በእናቶቻችን ዘመን የነበረው የጥጥ ፍራሽ ሲደነድን ይፈታ ነበር፤ ጥጡ በደጋን ተነድፎ ተመልሶ ይሞላል፣ ትኋን እንዳይገባውም ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ በዱላ ይመታል። ገዢዋ ውስጡን አይታ፣ ስንት ኪሎ ጥጥ እንደገባበት አውቃ ነበር የምትተኛበት። ስፖንጅ ይህን አያያዝ አይወድም። የቀጥታ ፀሐይ ያቢጫዋል፣ ያደርቀዋል፣ ቀስ በቀስም ያፈራርሰዋል፤ ስለዚህ ነፋስ ባለበት ጥላ ማስነፈስ ይበቃዋል። በየሦስት ወሩ ራስጌና ግርጌውን መለዋወጥም ዕድሜውን ያረዝመዋል።

ያልተቋጨው

የመጀመሪያው ጠንካራ ፍራሽ ገንዘብ አልተመለሰም። በግማሽ ዋጋ ለመሸጥ ሁለት ጊዜ ተሞክሮ ገዢ አልተገኘም። አሁን በሁለተኛው ክፍል ወለል ላይ ምንጣፍ ለብሶ ተዘርግቷል። ጋሼ ከምሳ በኋላ እዚያ ጋደም ይላሉ፤ አዲሱ ፍራሽ ለእርሳቸው ዛሬም ጥቂት ይለሰልሳል። እትዬ በሐምሌ ወር ሲባጎውን እንደገና ወጥረው አዲሱን ፍራሽ ለክተውታል፤ ስርጉዱ ግማሽ ሳንቲ ሜትር አይሞላም። የሚቀጥለውን መለኪያ የዋስትናው ዘመን ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው፣ በጥር ወር እናደርገዋለን።